የሦስተኛው ፎቅ ዳይኖሰሮች

ማንም ሰው እዚህ ምድር ላይ ሲኖር፣ ያልጠየቀውን ነገር ካላሳየሁህ ብሎ የሚይዘው አንድ ጎረቤት ተመድቦለታል። ለአንዳንዱ የልጅ ልጅ ፎቶ ይደርሰዋል፤ ለአንዳንዱ የቀዶ ጥገና ጠባሳ። ለእኔ የደረሰኝ ዳይኖሰር ነው።

የዳይኖሰሮቹ ባለቤት ክቡርነታቸው የሚኖሩት ከራሴ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ኤክስካቫተር ሲነዱ ኖረው በጡረታ ተገለሉ። ሌላው ኦፕሬተር ተራራ ሲቆርጥ የሚታየው አፈር ነው። እሳቸው ግን ማሽኑ መልከ መልካም ድንጋይ ካወጣ ሞተር አጥፍተው፣ ወርደው፣ በእጅጌያቸው ጠርገው ኪሳቸው ይከቱ ነበር። "በሠላሳ አንድ ዓመት ኪሱ ያልተቀደደ ሱሪ ለብሼ አላውቅም" ይላሉ፣ ኒሻን እንደተሸለመ ሰው። የሕንጻው ነዋሪ በሙሉ ከኋላቸው "የድንጋይ ሚኒስትር" ይላቸዋል። የማይሰሙ ይመስለናል። ይሰማሉ፤ እንዲያውም ሹመቱን ሳይወዱት አይቀሩም።

መሥሪያ ቤታቸው ሳሎናቸው ውስጥ ያለ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ነው። ድሮ የባለቤታቸው የብርጭቆ ማስቀመጫ ነበር። ብርጭቆዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ተፈናቅለው አሁን አልጋ ሥር በካርቶን ይኖራሉ። ቦታቸውን የያዙት የፕላስቲክ ዳይኖሰሮች ናቸው፦ አንገተ ረጅሙ፣ ባለሦስት ቀንዱ፣ ጅራቱ ተሰብሮ በማስቲሽ የተጣበቀው ቲ-ሬክስ። "አሻንጉሊት" የሚባል ቃል እዚያ ቤት አይነሣም። "ሞዴል" ነው የሚባለው። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ተሳስቶ "ይሄ አሻንጉሊት..." ብሎ ጀመረ፤ ሻዩ ሳይደገምለት ሄደ።

ከሥር ቅሪተ አካላቱ አሉ፦ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ቀንድ አውጣ፣ የቅጠል መልክ የታተመበት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሁለት ዛጎል። ከሁሉም መሐል፣ ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ከትርፍራፊ በቆረጡላት ቀይ ከፋይ ላይ፣ ጭብጥ የምታህል ግራጫ ሞላላ ነገር ተቀምጣለች። የዳይኖሰር እንቁላል!

ሚኒስትሩ እንግዳ ሲይዙ መጀመሪያ የሚሉት "አንድ ደቂቃ ብቻ" ነው። እንቁላሏን እጅህ ላይ ያስቀምጡና "ስንት ዓመቷ ይመስልሃል?" ይሉሃል።

"መቶ?"

"ጨምር!"

"አሥር ሺህ?"

"ጨምር እንጂ፤ ምን ይሰስትሃል?"

የቧንቧ ሠራተኛው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊጠግን ገብቶ ሁለት ሚሊዮን ላይ ሲደርስ ወጥ ቤቱ በውኃ ተጥለቀለቀ። የሴት ልጃቸው እጮኛ ወላጆች ለመተዋወቅ የመጡ ዕለት ደግሞ፣ የልጁ አባት ቆመው እየጨመሩ ምሳው ቀዘቀዘ። ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ፣ "እማዬ፣ አለቀልኝ፤ በዚህ ድንጋይ የተነሣ ቆሜ ልቀር ነው!" ብላ አለቀሰች። ሰርጉ ግን ተደረገ። እንዲያውም የልጁ አባት አሁን መንገድ በሄዱ ቁጥር ለሚኒስትሩ አንድ ሞዴል ይዘው ይመለሳሉ።

እኔ እንደሳቸው ታጋሽ አልነበርኩም። በየቅዳሜው ጠዋት በሬ ይንኳኳል፤ "ጎረቤት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።" አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቅዳሜ... ዓመት ሞላ። በመጨረሻ ተንኮል አሰብኩ። የእህቴ ልጅ የሥነ ምድር መምህርት ናት። "ነይና የአንድ ሰውዬ ድንጋይ እይ፤ እውነቱን ብቻ ንገሪያቸው" አልኳት። እውነቱ ቅዳሜዬን ነፃ ያወጣልኛል ብዬ ነበር።

ሚኒስትሩ ኮት ለብሰው ጠበቁን። ወንበር አቀረቡላት፤ "ልጄ፣ እውነተኛ ባለሙያ ይህን ቤት ሲረግጥ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ" አሏት። ያኔውኑ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ቀንድ አውጣውን አደነቀች፤ ቅጠሉን በአጉሊ መነጽር አየችና "ይሄስ በጣም ቆንጆ ነው" አለች። ከዚያ እንቁላሏን አነሣች። ገልበጥ አደረገቻት፤ በጥፍሯ ጫር አደረገቻት።

"ጋሼ፣ ይቺ እንኳ እንቁላል አይደለችም" አለች ቀስ ብላ። "ቅርፊት የላትም። ወንዝ እያንከባለለ ያሞለሞላት ድንጋይ ናት።"

"ድንጋይ?"

"አዎ ጋሼ።"

ሚኒስትሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ ድንጋዩን አዩ። "አመሰግናለሁ ልጄ" ብለው ተነሡና መኝታ ቤት ገቡ። ሌላ ያልነገረቻቸው ነገር ስለነበር አፏን ከፈት አድርጋ ቀረች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ በሬ አልተንኳኳም። እስከ አራት ሰዓት ተኝቼ ልውል ነበር ሐሳቤ፤ ግን በአንድ ሰዓት ነቅቼ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። ከላይ የእግር ኮቴ እንኳ አይሰማም። ከሁለት ቀን በኋላ ልብስ ሰፊዋ፣ የልኬት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወደ እኔ ወረዱ።

"ሁሉንም በካርቶን አሸገው" አሉኝ። "ብርጭቆዎችሽን መልሺ አለኝ። ደረደርኳቸው።" ሜትራቸውን መጠቅለል ጀመሩ። "ሠላሳ ዓመት ያንን ቁም ሣጥን መልስልኝ ስለው የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን ሲመልስልኝ ብርጭቆዎቹን ማየት አስጠላኝ። ሰውዬው እኮ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ነው የሚያየው! አንተ ያመጣኸው ጣጣ ነው፤ ውጣና የሆነ ነገር ጠይቀው።"

"ምን ልጠይቃቸው፣ እትዬ?"

"ምንም ይሁን! ሰው ከጠየቀው መልስ ሳይሰጥ መቀመጥ አይችልም።"

ወጣሁ። ሚኒስትሩ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አፌን ስከፍት፣ በምትኩ የወጣኝ፣ "ጋሼ፣ እንቁላል ካልሆነችስ... ድንጋይዋ ራሷ ስንት ዓመቷ ነው?" የሚል ሆነ።

ቀና አሉ። "እኔ ምን አውቄ" አሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው ግን፣ "ልጅቷ ታውቅ ይሆን?" አሉኝ።

ደወልንላት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ አደረግሁ። "ወይኔ ጋሼ!" አለች። "እሱን ልነግርዎት ስል እኮ ነው ተነሥተው የገቡት! ያቺ ድንጋይ የመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች ሲሞቱ ቀርቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ሲፈለፈሉም ነበረች። በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመት ትቀድማቸዋለች።"

ሚኒስትሩ ቀስ ብለው ቆሙ።

"ታላቃቸው ናታ!" አሉ። "እኔ እኮ ታላቃቸውን ነው እንቁላላቸው እያልኩ ስሰድባት የኖርኩት! አንቺ ሴትዮ፣ ከፋዩ የት ነው?"

"ተኩሼ አስቀምጬዋለሁ" አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ። ብርጭቆዎቹን እያወጡ ነበር። ምነው ቢሏቸው፣ "እኔማ አቧራ መጥረግ ታክቶኝ ነው" አሉ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር።

ካርቶኖቹን ለሦስት ፈታን። የተንኮሌን ነገር ተናዘዝኩ። "አውቄያለሁ" አሉኝ ሚኒስትሩ፣ አንገተ ረጅሙን እያቀበሉኝ። "ባታመጣት ኖሮ እንደ ደነቆርኩ እሞት ነበር።" ይቅርታው በዚሁ አለቀ። ቀጥለው አንድ ነጭ ካርድና እስክሪብቶ ሰጡኝና፣ "የእኔ ጽሕፈት አይነበብም፤ አንተ ጻፍልኝ" አሉ። እሳቸው እየነገሩኝ፣ በቁም ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ድንጋይ። እዚህ ካለነው ሁሉ ትበልጣለች።"

እንጀራዬ ጽሑፍ ነው፤ ሃያ ዓመት ጋዜጣ ላይ ጽፌያለሁ። ሰው ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ ሲያነብልኝ ያየሁት ግን ያንን ካርድ ብቻ ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ሦስተኛው ፎቅ እወጣለሁ፤ ከሚኒስትሩ ጎን ቆሜ የሚያነበውን ሰው ፊት አያለሁ።