ባለ ኤክስፖርቱ

«ኤክስፖርት» ሳይል ንግግሩን የማይጨርስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጎቴ የሚኖርበት ቀበሌ፣ ላንቴ ላይ ገጥሞኛል። ፐርሲሞን የሚባል ቲማቲም መሳይ ፍሬ ያለማል፤ አጎቴንም «ሙዝህን ነቅለህ ይህን ትከል፣ ባለሀብት እናመጣለን» ብሎታል። አጎቴ ሊነቅል ተነስቷል። እኔ ግን ነገሩ አልጥም ስላለኝ ሰውዬውን ላየው ሄድኩ። በባዶ እጅ አይኬድምና የአጎቴን ሙዝ ይዤለት ነበር።

ፍሬውን አቀመሰኝ። አፌ ደረቀ፣ ምላሴ ሻከረ።

«ወንድሜ፣ ይሄ በስሏል?»

«እሱ የኤክስፖርት ነው፤ ያገር ውስጥ ምላስ ቶሎ አይለምደውም።»

ሊሆን ይችላል። ምርጡን ቡናችንንስ መቼ ቀመስነው? ብቻ ጥርጣሬዬ አላስቀምጥ አለኝና «እስቲ አንተም ቅመስ» አልኩት።

«እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አለኝ፣ የአጎቴን ሁለተኛ ሙዝ እየላጠ።