መደበቅ የተማረችው ፓነል

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እንቅልፍ የሚነሣው አንድ ሰው አይጠፋም። የተበላሸ ነገር አያስጨንቀውም። የእኛ ቢሮ በር እጀታው ከወለቀ ዓመት አልፎታል፤ የኮምፒውተር ባለሙያችን በየጠዋቱ በትከሻው ገፍቶት ይገባል። የሚያስጨንቀው ጤነኛው ነው።

«እንደምን አደርክ» ከማለቱ በፊት «ትንሽ ላሻሽልልህ» ስለሚል፣ «ክቡር ላሻሽልልህ» ብለነዋል። ለማዕረጋቸው ስል ከዚህ በኋላ በአንቱታ እቀጥላለሁ።

የክቡርነታቸው የሕይወት ዓላማ ከስክሪን ግርጌ ያለችው ፓነል ናት፤ የከፈትናቸው ፋይሎች የሚደረደሩባት ቀጭን ሰሌዳ። ድሮ እዚያው ተቀምጣ ትውል ነበር፤ ማንንም አላስቀየመችም። እሳቸው ግን «ቦታ ትይዛለች» ብለው መደበቅ አስተማሯት። ማውዙ ወደ ግርጌ ሲወርድ ብቅ፣ ሲርቅ ጥልቅ። ከዚያ አመጣጧ ዘገየባቸው፤ አፈጠኑት። አካሄዷም ተጓተተባቸው፤ አፈጠኑት። የስልካቸውን ሰዓት ቆጣሪ ይዘው ከኋላዬ ይቆማሉ።

«አየህ? ሩብ ሰከንድ አተረፍኩልህ።»

በሩብ ሰከንዷ ምን እንደምሠራባት እስካሁን አልወሰንኩም። አንድ ቀን ደግሞ ሳይነግሩኝ የእኔን ወደ ላይኛው ጠርዝ አዛወሯት። ግማሽ ቀን ከታች ስፈልጋት ዋልኩ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ቀልዱ ያበቃው ጸሐፊያችን ዘንድ ሲደርስ ነው። እትዬ እንላቸዋለን። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር ቀርቷቸዋል፤ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ማውዛቸው ግርጌ እስኪደርስ ፓነሏ ብቅ ብላ ገብታለች። እንደገና ሲሞክሩ ከእጃቸው ሥር ትወጣና ያልፈለጉትን ደብዳቤ ትከፍትባቸዋለች። በዚህ ሁኔታ ለአንድ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ምስጋና ሊልኩ ማስጠንቀቂያ ላኩ። ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገራቸው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከሉ ምድር ቤት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባሉ። ደረጃው አርባ ሁለት ነው፤ የእትዬ ጉልበት ደግሞ አሥሩንም አይችልም።

ተናድጄ ክቡርነታቸው ጠረጴዛ ድረስ ሄድኩ። አንቱታውንም ረሳሁት።

«እትዬን በሩብ ሰከንድህ ምድር ቤት ልታወርዳቸው ነው።»

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበራቸውን እየጎተቱ እትዬ አጠገብ ተቀመጡ። ሰዓት ቆጣሪውን ይዘዋል፤ የሚለኩት ግን የእትዬን እጅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ኮምፒውተሬን ስከፍት ፓነሏ ቀስ ብላ ወጣች፤ ከወጣች በኋላም ቶሎ አልሄድ አለች። ጨርሶ አትደበቅ ማለት ለክቡርነታቸው ሽንፈት ነውና እስከዚያ አልደረሱም። የሁላችንም እንደዚያው ሆናለች፤ የሥራ አስኪያጁም ሳይቀር።

«እኔ ደግሞ ምን በደልኩዎት?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእትዬን ብቻ ባዘገየው፣ አለቃ አይቶ ‹ይኸው፣ አቅቷቸዋል› ይላል። የሁሉም ከሆነ የቢሮው አሠራር ነው። አደራ፣ እትዬም እንዳይሰሙ።»

ሰውየውን ያን ቀን ወደድኳቸው።

ወሩ አለቀ። እትዬ አንድ ደብዳቤ አልተሳሳቱም፤ ከወንበራቸውም ያነሣቸው የለም። ፓነሌን በሁለት ጠቅታ ወደ ፈጣኑ መመለስ እችላለሁ፤ አደራረጉን ክቡርነታቸው ራሳቸው አሳይተውኛል። እስካሁን አልነካኋትም። ሥራ ሲያጣድፈኝም እንኳ፣ እስክትወጣ እጄን አጣጥፌ እጠብቃታለሁ።