ስሜን ቢጠይቁኝ ትምህርቱን ሁሉ አነበነብኩላቸው

የደብረ ወርቅ ጓደኞቼ፣ የዛሬውን ውርደቴን ብትሰሙ አታምኑኝም። አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ ለሁሉም አንብቡት።

እንግሊዝኛ ከጀመርኩ ገና አንድ ወር መሆኑ ነው። ትምህርት ቤታችን ከይጁቤ ወዲህ፣ አርበኞቹ በሰፈሩበት ያለ አንድ ድንኳን ነው። ቲቸራችን አስተርጓሚው አቶ ወልዱ ናቸው፤ ከእንግሊዞቹ ጋር ከሱዳን የመጡ።

ደብረ ማርቆስ አሁንም በጣሊያን እጅ ናት። እናቴም እዚያው ናት። ካየኋት ዓመታት አልፈዋል።

ትናንት አቶ ወልዱ «የእንግሊዞቹ አዛዥ ሚስተሩ ከእናንተ እንግሊዝኛ የሚችለውን አንዱን መርጠው፣ ከፊት ይዘው ደብረ ማርቆስ ይገባሉ» አሉን።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ፤ በቁሜ ማለም ጀመርኩ።

ጉሙ ከጮቄ ይወርዳል። እኔ ከሚስተሩ በቅሎ ጎን እሄዳለሁ። እናቴ ደጅ ወጥታ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ ማን ይሆን እያለች ታየኛለች።

ዛሬ ጠዋት ሚስተሩ መጡና ፊቴ ቆሙ።

«ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

ቀላል ነው፣ አይደል?

ትርጉሙንም አውቀዋለሁ እኮ። ግን የቆሎ ተማሪ ነኝ። እኛ መምህር የሰጠንን ቃል ሙሉውን እንመልሳለን እንጂ ከመካከል ቆንጥረን መቼ እናውቃለን?

ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያውን ትምህርት ከነጥያቄው፣ ከነመልሱ፣ እየተወዛወዝኩ አነበነብኩት።

«ማይ ኔም ኢዝ ወልዱ። አይ ካም ፍሮም ካርቱም...»

«ስቶፕ» አሉኝ።

የተቋረጠ ንባብ ከየት ይጀመራል? ከመጀመሪያው።

ጀመርኩ።

«ስቶፕ!»

ሦስት ጊዜ ከካርቱም መጣሁላችሁ።

አቶ ወልዱን ላብ አጠመቃቸው። «አንተ ልጅ፣ ስሙ የኔ ነው። መልስልኝና የራስህን ተናገር።»

አፌ ግን አሁንም «ማይ ኔም ኢዝ ወልዱ» አለ።

ተራው አብሮኝ የሚማረው የአምበሩ ልጅ የቢያድግልኝ ሆነ። እሱ ትምህርቱን ከነጭራሹ ረስቶታል። ሲጠየቅ «ቢያድግልኝ» አለና ዝም አለ።

ተመረጠ።

ሲነሱ ሊሰናበተኝ መጣ። «እናትህን ሳገኝ ምን ልበልልህ?»

«ደህና ነው በልልኝ። እንግሊዝኛ እየተማረ ነው በል።»

«ታዲያ ለምን እሱ አልመጣም ቢሉኝስ?»

እስኪ ፍረዱኝ። ስሜን ያወጣችልኝ እሷ ናት። ተጠይቆ ስሙን መናገር አቃተው ተብሎ ለእሷ ይነገራል?