ጋሼ ሽብሩን ፍለጋ

ሰው ሆኖ የማይሰበስብ የለም። አንዱ ከብት ይሰበስባል፣ አንዱ ቂም ይሰበስባል፣ ሌላው በየሥልጠናው የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ሰብስቦ ግድግዳውን ያለብሳል። እነዚህን ሁሉ «ምን ነካህ?» የሚላቸው የለም። እኔ ግን አውራ ጣት የሚያካክሉ የካርቱንና የፊልም ገጸ ባሕርያት የፕላስቲክ ምስል ስለምሰበስብ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጤንነቴ የሚያሳስበው ሰው ብዙ ነው። ሚስቴ ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ «ልጆቹ የጋራችን ናቸው፤ አሻንጉሊቶቹ ግን የእሱ ናቸው» ትላለች።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደግሞ «ካርቱን ይሰበስባል» ሲባል ሰምተው፣ የሳሙናና የፓስታ ካርቶን አጣጥፈው አንድ ሸክም አመጡልኝ። ምን ይባላል? አመስግኜ ተቀበልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ካርቶን ባገኙ ቁጥር ይልኩልኛል።

አባቴ በበኩሉ «መላኢካ ምስል ያለበት ቤት አይገባም» ባይ ነው፤ መልአክ ማለቱ ነው። ስለዚህ ከቀወት መንደሩ ሊጠይቀን ሲመጣ አሻንጉሊቶቹ የተደረደሩበትን ባለ መስታወት ቁም ሳጥን በአንሶላ እሸፍነዋለሁ። እሱም አንሶላውን አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ይህ አመል የተጠናወተኝ በልጅነቴ ነው። ያኔ ሥራዬ ማሽላ ጥበቃ ነበር። ማሽላው እሸት ሲሆን ግሪሳ የሚሉት ወፍ እንደ ደመና ይመጣል፤ እኔ ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ማጮህ አለብኝ። የሮቢትን ፀሐይ የምታውቁ ፍረዱኝ፤ ልጅ ከወፍ ጋር ሲነታረክ ሊውል ነው እንዴ? አባቴ ዞር ሲልልኝ ከማማው ወርጄ ወደ ከተማ፣ ወደ ቪዲዮ ቤት እበር ነበር። (ዛሬ በግብርና ሥራ ተቀጥሬ ለገበሬው ስለ ወፍ መከላከል ምክር እሰጣለሁ። ልምድ ያለው ሰው ተፈልጎ መሰለኝ።)

ቪዲዮ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ ነበረው። በሩን አንድ ጎረምሳ ይጠብቃል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ጋሽ ተካ ማይክ ይዞ ፊልሙን ይተረጉማል። ጋሽ ተካ እንግሊዝኛ አይችልም። ይህ ግን ከመተርጎም አግዶት አያውቅም። ደጋግመን የምናየው አንድ የካርቱን ፊልም ነበር፤ የጫካ እንስሳት የደረቀ ወንዛቸውን ፍለጋ የሚሄዱበት። ባርኔጣ ያደረገው ጦጣ በጋሽ ተካ አንደበት «አቶ ደረሰኝ» ሆነ፤ ጃርቷ «ወይዘሮ መርፌ»። ሁሉንም የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደው የመጡ የእኛው አገር ሰዎች አደረጋቸው።

ከሁሉም አስበልጬ የምወዳቸው ግን ጋሼ ሽብሩን ነበር። ጋሽ ተካ ድንገት ድምፁን ከፍ ያደርግና «አሁን ጋሼ ሽብሩ መጡ! ሽርጥ አገልድመዋል፤ በትር ይዘዋል፤ የጠፋ ልጃቸውን ይፈልጋሉ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ተደብቋል!» ይላል። ልክ ይህን ሲል፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ጎረምሶች አንገቴን ይዘው አግዳሚው ሥር ይደፍቁኛል። ጭንቅላቴ ትልቅ ስለሆነ የጋረድኳቸው ይመስለኝ ነበር። ቀና እንድል ሲፈቀድልኝ «ጋሼ ሽብሩም ልጃቸውን ሳያገኙ ተመለሱ» ይባላል። እናም ሰውዬውን አንድም ቀን በዓይኔ አላየኋቸውም።

የፈረንጅ ጫካ ውስጥ ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም። ጦጣ ባርኔጣ ካደረገ ሽማግሌ ሽርጥ ቢያገለድም ምን ያስደንቃል? ለእሳቸው ያዘንኩትን ያህል ለማንም አዝኜ አላውቅም። በመጡ ቁጥር ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ ግን አይሰለቻቸውም። ያን ደንታ ቢስ ልጅ ባገኘው፣ ወፍ ነክቶ የማያውቅ ወንጭፌ እሱን አይስተውም ነበር!

አድጌ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ ከልባሽ ጨርቅ ገበያ በገዛሁት ጃኬት ኪስ እጄን ስከት አንድ ጠጣር ነገር አገኘሁ። ሳወጣው አቶ ደረሰኝ! ባርኔጣው ሳይቀር። ገበያው መካከል ቆሜ እንባዬ መጣ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረም። ወይዘሮ መርፌን አዲስ አበባ አገኘኋት፤ ሌሎቹን የአክስቴ ልጅ ከዓረብ አገር ስትመለስ ይዛልኝ መጣች። ከሌሎች ፊልሞችም ብዙ ጨማመርኩ። ከዚያኛው ፊልም ግን አሥራ አንዱ ሲሟሉ ጋሼ ሽብሩ ቀሩ። እሳቸው የሌሉበት ስብስብ ምን ስብስብ ነው? የመካከለኛውን ቦታ ባዶ ትቼ ዓመታት ጠበቅኩ።

በቴሌግራም ሰብሳቢዎች የሚገናኙበት ቡድን አለ። እዚያ ላይ «ሽርጥ ያገለደሙ፣ በትር የያዙ፣ ልጃቸውን የሚፈልጉ ሽማግሌ ያላችሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ «ወንድሜ፣ ይሄ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ነው፤ ተሳስተህ ነው የገባኸው» አለኝ። ሌላው ደግሞ እውነት መስሎት «አላህ ያገናኛቸው» ብሎ ጻፈ። ፊልሙን ራሱን ከኢንተርኔት ፈልጌ ሦስት ጊዜ አየሁት። የሉም። ቆርጠው አውጥተዋቸዋል ብዬ ፊልም ሠሪዎቹን ረገምኩ።

በመጨረሻ ያለ ጋሽ ተካ መላ የለውም አልኩ። ጋሽ ተካ ዛሬ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጡ የውሃ ፓምፖችን ይጠግናል። እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ አንድ ፓምፕ ፈታቶ አገኘሁትና ጥያቄዬን አቀረብኩለት። መፍቻውን አስቀምጦ አየኝ፤ አየኝና እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ጋሼ ሽብሩ? አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ አላወቅክም?»

ነገሩ እንዲህ ነበር አለኝ። ከሥራ ጠፍተን የምንመጣ ልጆችን ፍለጋ ወላጅ ሲመጣ፣ በር ጠባቂው ይስላል፤ ጋሽ ተካም ሳይነቃበት በትርጉሙ መካከል ምልክት ይሰጣል። ጎረምሶቹ ምልክቱን ያውቃሉ፤ ልጁን አግዳሚ ሥር ይደፍቁታል። ወላጁ መጋረጃውን ገልጦ ቢያይ፣ ከፀሐይ ስለመጣ ጨለማ እንጂ ሌላ አይታየውም። «የሌላው ወላጅ አንዴ መጥቶ ይተዋል» አለኝ ጋሽ ተካ። «ያንተ አባት ጋሽ ሁሴን ግን በጠፋህ ቁጥር ይመጡ ነበር። ስማቸውን ብጠራ ይሰሙኛል ብዬ፣ ሽብሩ አልኳቸው።»

ሽርጡ! በትሩ! እኔ ነኝ ያ ደንታ ቢስ ልጅ? አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ሆኜ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ማሽላው ለግሪሳ ተትቶ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ! እኔ ደግሞ አግዳሚ ሥር ተደፍቼ ለፊልም ሽማግሌ አዝናለሁ።

ከዚያው ባጃጅ ይዤ ወደ መንደር ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ቆርጫለሁ። አባቴ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ ማሾ የሚሉትን ጥራጥሬ ይለቅማል። ከምን እንደምጀምር ጨንቆኝ «አባ፣ ልጅ ሳለሁ ቪዲዮ ቤት ድረስ ትመጣ ነበር አሉ» አልኩት።

«አዎን» አለ፣ ቀና ሳይል። «መጀመሪያ መጀመሪያ አንተን ፍለጋ ነበር።»

«በኋላስ?»

ማሾውን ተወት አድርጎ በመጋረጃው በኩል ያ ባለ ማይክ ሲናገር ይሰማ እንደነበር ነገረኝ። ልጁ የጠፋበት አንድ ሰውዬ አለ፤ ሽብሩ የሚባል፤ ሲፈልግ ውሎ ያጣዋል። «ወላሂ፣ ያንተን ነገር ረስቼ ለእሱ ሳዝን ነበር የምቆመው። ነገ ያገኘው ይሆን እያልኩ እመለሳለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያሳፍር ነገር፣ «ለመሆኑ ልጁን አገኘው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጠይቅ የመጣሁትን ይቅርታ ተውኩት።

«አገኘው፣ አባ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አባቴ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። «እንዲያ ያለውን ልጅስ አላህ ለማንም አይስጥ። አንተ እንኳ ብትጠፋም ለራት ትመጣ ነበር።»