ክቡር አንዴ ልያት

ማክሰኞ ቀን ነበር። ወይስ ሐሙስ? ማክሰኞ እንዳልል ያን ቀን ፀሐይ ነበረች፤ እኔ ደግሞ አዲሱ ልጅ በር ላይ ቆሞ ጃንጥላውን ሲያራግፍ ይታየኛል። ብቻ ከሁለቱ በአንዱ ቀን፣ ክቡር አንዴ ልያት ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳይነቅሉ ወደ እርማት ክፍላችን ገቡና ከወንበሬ ጋር ተጋጩ። ወንበሩን ይቅርታ ጠየቁት።

አንዴ ልያት የሌለበት ቤት፣ አንዴ ልያት የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው። ሊፍት ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳይጫን ቆሞ የሚቀረው፣ አውቶቡስ እየጠበቀ አውቶቡሱ የሚያልፈው እሱ ነው። የኛው ከሌሎቹ የሚለዩት በትሕትናቸው ነበር። ስልካቸውን ባወጡ ቁጥር ያስፈቅዳሉ፦ «ጋሼ፣ አንዴ ልያትና።»

ማተሚያ ቤታችን እርማት የሚሠራው በጥንቱ ደንብ፣ በሁለት ሰው ነው። አንዱ የደራሲውን ጽሑፍ «ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ» እያለ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የተተየበውን ወረቀት በማስመሪያ እየተከተለ የሰማውን ያርማል። አንባቢው ይኸው አንዴ ልያታችን፣ አዲሱ ልጅ ነበር፤ አራሚው እኔ። የሦስት ወር ሙከራ ላይ ነው። ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠ በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ አጥብቆ ይዞታል። ሥራ አስኪያጇ ግን ገና ከጅምሩ አንድ ስሕተት ካሳለፈ እንደምታሰናብተው ነግራዋለች።

እውነቱን ለመናገር ታግሏል። ስልኳን መሳቢያዬ ውስጥ እንድቆልፍበት የጠየቀኝ ራሱ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቁልፉን ይለምነኛል፤ ማስመሪያ ሊያወጣ ነው። ማስመሪያው እጁ ላይ ነው። አንድ ቀንማ ገጹን አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ጠበቀ። ወረቀቱ ንቅንቅ አልል ሲለው ቅር አለው።

ስልኳ ላይ ምን እንዳለ ጠየቅኩት።

«ዘጠኝ ጊዜ ባያት ምንም የለም ጋሼ። አሥረኛው ላይ ግን አንድ ነገር ይመጣል። የትኛው አሥረኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ማየት አለብኝ።» ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «የሠሯት ሰዎች ይህንን ሳያውቁ ቀርተው ይመስልዎታል?» አለኝ።

ሦስት ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መመሪያ እናርም ነበር። ስልኳ በሆነ ዘዴ ከመሳቢያው ወጥታ ከጽሑፉ ሥር ተደብቃለች። ልጁ ያነባል፦ «ንግሥቲቱ ባረፈችበት ቅርንጫፍ ላይ መንጋው ይሰፍራል፣ አራት ነጥብ። ፀጉርሽን የት ነው የተሠራሽው፣ ጥያቄ ምልክት።»

እኔም በቀይ እስክሪብቶ አስገባሁት። ጥያቄ ምልክቱን ጭምር።

እንዴት ጻፍከው ለሚለኝ መልስ አለኝ፤ ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ። እኔም እዚያ አልነበርኩም። ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮቱ ሥር፣ ጥላኝ የሄደች አንዲት ልጅ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ጋ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ በሐሳቤ ሄጄ አየዋለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነው። አሥረኛው ላይ ቀና ትላለች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «ንቦቹ ፀጉር ቤት መሄድ የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች። አልሳቀችም።

«ጽሕፈቱ የኔ ነው» አልኩ።

ዝም ቢል ኖሮ ያልፍለት ነበር፤ ዕድሜዬን አይታ እኔን ታልፈኝ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ተነሣ።

«ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጋሼ የሰሙትን ነው የጻፉት።»

ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ ነገረችው።

ዕቃው ብዙ አልነበረም፤ ጃንጥላውና የስልኩ ቻርጀር። ከዚያ ቁልፉን ጠየቀኝ፤ ያን ቀን ስልኳ እንደተቆለፈባት ውላለች። ከመሳቢያው ሲያወጣት እጁ ላይ በራች። ሳያያት ኪሱ ከተታት። በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ደህና ይሁኑ ጋሼ።»

ውጭ ዝናብ ነበር። ለካ ዝናቡ የዚያን ዕለት ኖሯል። በሩ ላይ ቆሞ ጃንጥላውን አራገፈና ከፈተው። አሥረኛው ላይ ሲጠብቅ የነበረው ማንን እንደሆነ ልጠይቀው መነጽሬን አስቀምጬ ብድግ ስል፣ መንገዱን ተሻግሮ ሄዷል።