የጋሼ ታደሰ ሁለተኛ ባትሪ

በእኛ ሰፈር እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሌላውንም ነገር ሁሉ እንደሚያውቅ ይቆጠራል። ሸዋሮቢት ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት የመድኃኒት ወረቀት አንብቤያለሁ፣ የውኃ ፓምፕ መመሪያ አንብቤያለሁ፣ በፀረ ተባይ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ለሽንኩርት ገበሬዎች ተርጉሜያለሁ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግማሹ አልገባኝም ነበር። ሽንኩርቱ ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ በቅሏል። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ አንድ ትልቅ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ «የኔ ልጅ፣ ይቺን እይልኝ» ሲል «አልገባኝም» ማለት እንዴት ይቻላል? ቃሉ አጭር ነው። ከአፍ አይወጣም እንጂ።

ደግሞ ዓይነ አፋር ነኝ። ዓይነ አፋር ሰው ሁሉ ትሑት የሚመስላችሁ ካላችሁ ብትጠነቀቁ ይሻላል፤ አንዳንዱ ዓይነ አፋርነት ነጠላ የተከናነበ ኩራት ነው። የእኔው ምን ያህል ሰው እንደጎዳ ስድስት ዓመት ደብቄ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፈውም ድፍረት ስላገኘሁ አይደለም። ተናግሬው የሚያምነኝ ስላጣሁ ነው።

ጋሼ ታደሰ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በደሴ መንገድ የጭነት መኪና ነድተው ሲያበቁ አንድ ያረጀ ሚኒባስ ገዙና ወንበሮቹን አስነቅለው ቤት አደረጓት። ቀልዴን አይደለም፤ አልጋ፣ መደርደሪያ፣ የቡታጋዝ ምድጃ፣ መጋረጃ ሳይቀር። ሰፈሩ «የጋሼ ታደሰ ሳሎን መንጃ ፈቃድ አወጣ» እያለ ሳቀ። ምክንያታቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። መርፌያቸው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ የእኛ አገር ሙቀት ደግሞ ጥላ ውስጥም ተከትሎ ይገባል። በዚህ የተነሳ ግሸን ማርያምን ሳይሳለሙ ዕድሜያቸው ገፋ። ጋሼ ታደሰ የስንቱን ሰው ጭነት በሰላም አድርሰው የገዛ ሚስታቸውን ግሸን አለማድረሳቸው ይቆረቁራቸው ነበር። ስለዚህ መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ማቀዝቀዣ ለማስገባት ቆረጡ።

ማቀዝቀዣ መኪናው ቆሞም ቢሆን ኤሌክትሪክ መጠጣቱን አይተውም። ለእሱ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ፣ ሽቦና አንዲት ጥቁር ሳጥን፣ ከወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያ ጋር ከአዲስ አበባ መጡ። መመሪያው ወደ ማን ቤት እንደተላከ አትጠይቁኝም መቼም።

መኪናዋ አጠገብ ዱካ ላይ አስቀምጠውኝ አነበብኩ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁሴን ሽቦ በጥርሱ ነክሶ ቆሞ ይጠብቃል። ስለ ተራ መኪና ሽቦ ቢሆን ማንንም አይጠይቅም፤ አልጋና ማቀዝቀዣ ያላት መኪና ግን አጋጥማው አታውቅም። እኔ ደግሞ ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ተሰብስበው የሚሉትን ነው ያላወቅኩት።

«ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ሁለቱን ባትሪ አገናኛቸው ነው የሚለው» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ በማወራበት ድምፅ።

ሁሴን አገናኘ። ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ጀመረ፤ እትዬ ዘነበች እልል አሉ።

«መምህርት፣ ይቺ ሳጥን ተርፋለች እኮ» አለኝ ሁሴን በመዳፉ ላይ እያገላበጣት። «ወላሂ፣ ፈረንጅ ትርፍ ዕቃ አይልክም።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«እሷማ… ለብርድ አገር ናት» አልኩ።

«እንግዲያው ሸዋሮቢት በረዶ የዘነበ ቀን እንገጥማታለን!» ብሎ ሳቀ። ጋሼ ታደሰም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

በመስቀል ማግሥት ጉዞ ጀመርን፤ እኔንም ይዘውኝ። አጣዬ ስንደርስ የእትዬ ዘነበች እህት «ሳትበሉ የት ልትሄዱ ነው» አሉን፤ በልተን ስንነሳ ደግሞ «አሁንማ መሸ» አሉን። አደርን። ጋሼ ታደሰ ከመኪና ሲወርዱ የማይተውት ልማድ አላቸው። መኪናዋን ይዞራሉ፣ ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ ያደርጋሉ፣ የፊትና የኋላ መብራቷን ያያሉ፣ በመጨረሻ ጎኗን በመዳፋቸው መታ አድርገው «ደህና እደሪ» ይሏታል። ያን ዕለትም አደረጉት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አይቻለሁ።

ጠዋት ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናዋ «ጠቅ» አለችና ዝም። ማቀዝቀዣውን ከፈትነው፤ ውስጡ ለብ ብሏል።

ያኔ ገባኝ። ማንም ሳያስረዳኝ፣ እዚያው ቆሜ። በየግቢያችን ያለውን የውኃ ሮቶ አስቡት። ሁለት ሮቶ በቧንቧ ብታገናኙና መሃሉ ላይ መዝጊያ ባታደርጉ፣ ከአንዱ ስትቀዱ ሁለቱም ይጎድላሉ። አንደኛው ባትሪ ሞተር ለማስነሳት የሚጠበቅ ነው፣ ሁለተኛው ለማቀዝቀዣው ነው። ሞተሩ ሲሠራ በመካከላቸው ያለው መንገድ ተከፍቶ ሁለቱም ይሞላሉ። ሞተሩ ሲጠፋ መንገዱ ይዘጋል፣ ማቀዝቀዣውም ከራሱ ብቻ ይጠጣል። መዝጊያዋ ለብርድ አገር ናት ያልኳት ሳጥን ነበረች። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሁለቱንም ባትሪ ጠጥቶ ጨርሷቸዋል።

የሰፈሩ ሰው ገፍቶ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን አስነሳልን። በጤና ጣቢያው ያለችው ነርስ ግን መድኃኒቱን አየችና «በዚህ ሙቀት ያደረ መርፌ ውሰዱ አልልም፤ ወደ ቤታችሁ ብትመለሱ ይሻላል» አለች። ግሸን እዚያው አጣዬ ላይ ቀረች። ጋሼ ታደሰ ለልጃቸው ስልክ ደውለው ሲነግሩት ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«አባዬ፣ መብራት ሳታጠፋ አድረህ ነዋ! እርጅና እኮ ነው፣ ምን ታደርግ።»

«እኔ? መብራት?» ፊታቸው ቀላ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አጠገቤ ቆመሽ አልነበር? አጥፍቼ ዞሬ አይቼ አልነበር? እስቲ ንገሪው።»

«አላስተዋልኩም ጋሼ» አልኩ።

በሳጥኗ ተሳስቼ ነበር። በዚህኛው አልተሳሳትኩም፤ የምለውን አውቄ ነው ያልኩት።

ስንመለስ ልጆቻቸው ማቀዝቀዣውን አስወጡ፣ መኪናዋም ተሸጠች። ሽቦውን ከፍቶ ያየ የለም። ጋሼ ታደሰ መንጃ ፈቃዳቸውን የልብስ ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በጠራራ ፀሐይ «ጋሼ፣ መብራት አጥፍተዋል?» የሚላቸው አይጠፋም ነበር። መጀመሪያ ይቆጡ ነበር፣ ቀጥሎ አብረው መሳቅ ጀመሩ፣ በኋላ ደግሞ መሳቁንም ትተው እውነት እንደሆነ ሁሉ ቁልፍ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሱ ጀመር። የግቢያቸውን በር ዘግተው ሦስቴ ተመልሰው ሲፈትሹ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ «ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ» እላለሁ። መስከረም ይመጣል። ይሄዳል። ዘንድሮ የእትዬ ዘነበች እግር ከደጃፋቸው አያሻግራቸውም፤ የግሸንን ዳገት ተዉት።

ባለፈው እሑድ ሄድኩ። ባልና ሚስቱን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ሮቶው፣ «አላስተዋልኩም» ስላልኩት ሁሉንም ተናገርኩ።

ቀድመው የተናገሩት እትዬ ዘነበች ናቸው። «ታዲያ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅር ያልኩት ማንን ነው?»

ጋሼ ታደሰ ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ፈገግ አሉ። «አይ የኔ ልጅ። ልታጽናኚኝ ነው አይደል? መብራቱን እኮ በደንብ አስታውሰዋለሁ። እጄን ማብሪያው ላይ አድርጌ ሳለ የሚስቴ እህት ‹ግቡ እንጂ› ስትለኝ፣ እንደበራ ትቼው ወረድኩ። ዛሬም ይታየኛል።»

«ጋሼ፣ አልበራም ነበር! እኔ አይቻለሁ!»

«አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፤ እንዲህ ያለ ስሕተት አትሠሪም» አሉኝ።

በሌለ መብራት ላይ ስድስት ዓመት ሲያፈጡ ኖረው፣ በመጨረሻ አዩት። አሁን ማን ሊያጠፋላቸው ይችላል? ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «የሰውን ጥፋት የተሸከምሽ ልጅ፣ ያንቺን ማርያም ትሸከምልሽ» ብለው መረቁኝ።

«አሜን» አልኩ።

እትዬ ዘነበች አሜን አላሉም።