መጋቤ ካልኩለስ ሲራክ

በየሰፈሩ አንድ ሸምዳጅ አይጠፋም። እግዜር ግን የባሰውን መርጦ የሰጠው ለመርሳ ከተማ ነው፤ ለዚያውም ከማህሌት መኝታ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ አጎራብቶ።

ዲያቆን ሲራክ ከሲሪንቃ መጥቶ እነማህሌት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከእሷው ጋር ይማራል። ከቆሎ ትምህርት ቤት ወደ አስኳላ ዘግይቶ የገባ ነውና ዕድሜው ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በላይ፣ ሒሳቡ ከአስረኛ በታች ነው። ቢሆንም ሐራ ላይ ተጀምሮ የቀረውን ባቡር የሚያስነሳው እሱ ነው! ለዚህ መሐንዲስ መሆን፣ ለመሐንዲስነት ፊዚክስ፣ ለፊዚክስ ደግሞ ካልኩለስ ያስፈልጋል። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ መብራትና ኔትዎርክ ጠፋ፣ መምህራኑ ወደ ደሴ ሸሹ። ሌላው ተማሪ ደብተሩን ጥሎ የሚበላ ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ መጋቤ ካልኩለስ (ስሙን ያወጣችለት ማህሌት ናት) ብቻውን ፊዚክሱን ተያያዘው። አጠናኑ ግን የቆሎ ተማሪ ነው፤ በዜማ፦ «የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን፣ የኮሳይን ዴሪቬቲቭ ኔጌቲቭ ሳይን…» እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱማ ጸሎት መስሏቸው በየኢንቴግራሉ ያማትባሉ።

«ኔጌቲቩ ከየት መጣ?» ትለዋለች ማህሌት፤ በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም።

«ቃሉ እንዲህ ይላላ! መጀመሪያ ቃሉ ይያዛል፤ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል።»

«ፈተናው ቀድሞ ቢመጣስ?»

«አይ ማህሌት፣ ጥድፊያሽ!»

አንድ ቀን ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ አሰላ። ከዜማው መሐል አንዲት የመቀነስ ምልክት ተውጣ ኖሮ፣ ድንጋዩ ይወርዳል ሲባል እየፈጠነ ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ።

«ኧረ በማርያም! ይኼ ድንጋይ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«እሱ ትርጓሜ ነው» አላት፣ ምንም ሳይደነግጥ። ማህሌት ወረቀቱን ልትቀድበት ምንም አልቀራት።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት፣ መድፍ በግቢው አናት ላይ ሲያፏጭ ሁሉም ወለል ላይ ተኛ። ሲራክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜማው ጠፋበት። ጉንጩ አፈር ላይ እንደተለጠፈ፣ «ማህሌት፣ ድንጋዩ ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱ ለምንድን ነው ዜሮ የሚሆነው?» አላት።

«ሲወጣ እየደከመ ነዋ! መውጣቱን ሲጨርስ ለቅጽበት ይቆማል፣ ከዚያ መመለስ ይጀምራል። ዴሪቬቲቭ ማለት ይኸው ነው፤ በዚያች ቅጽበት ነገሩ በምን ያህል ፍጥነት እየተለወጠ ነው ማለት ነው።»

በጣቱ አፈሩ ላይ ወጥቶ የሚወርድ መስመር ሳበ። «ለካ ቃሉ ይኼን ኖሯል የሚለው!» ብሎ በዚያ ሲኦል መሐል ሳቀ። ማህሌት እንደዚያ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

በማግሥቱ «እናቴን አይቼ መጣሁ» ብሎ ወደ ሲሪንቃ በእግሩ ወጣ። አልተመለሰም። መንገድ ላይ ቀረ የሚል አለ፤ ደሴ አይቼዋለሁ የሚልም አለ። ወይዘሮ ደብሪቱ ክፍሉን ለማንም አላከራዩም።

ከተማዋ ተለቅቃ ብሔራዊ ፈተናው ሲመጣ፣ ስሙ የተለጠፈበት ወንበር ከማህሌት ፊት ለፊት ባዶውን ነበር። ፊዚክሱ ላይ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ መጣ። ለእሷ የውሃ መንገድ ነው፤ እርሳሷ ግን አልሄድ አለ። ፈታኙ መጥቶ ጠረጴዛዋን መታ፦ «አንቺ! በልብሽ አንብቢ እንጂ፣ የምን ዜማ ነው?»

ማህሌት ድምፅ ማውጣቷን የሰማችው ያኔ ነው።

«የሲራክ ነው» አለችው፣ ወደ ባዶው ወንበር እያየች።